ማሻአላህ ያላልኩለት ባቡር

ከሚሴ ውስጥ «ባለ ባቡሩ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከአስፋልቱ ዳር ወዳለችው የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቄ ይመራ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ ያውቁኛል፤ ከጨፋ ሮቢት እህል ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች ያውቁኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እኔም አልናፈቀኝም። ባለ ባቡሩ መባል ይበቃኝ ነበር።

ይህን መጠሪያ የወሰደብኝ ሰው የሚስቴ ታናሽ እህት ባል ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ክፉ አይደለም። ሳቂታ ነው፣ ቸር ነው፣ ሰላምታውን ከመንገዱ ማዶ ነው የሚጀምረው። አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነው። ክፉን ሰው ብትጠላ ሰው ይፈርድልሃል፤ ደግን ሰው ስትጠላ ግን ብቻህን ነህ።

ከሱ በፊት የነበረውን ልናገር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጎረምሳ ሳለሁ፣ አጎቴን ተከትዬ ለንግድ አዋሽ ድረስ ወርጄ ነበር። ባቡር ያየሁት እዚያ ነው። በዚያን ጊዜ ከሚሴ ላይ ባቡር ሲባል እህል የሚፈጨው ነበር፤ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ያየ ሰው ብዙ አልነበረም። እኔ አየሁት። ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰውና ፍየል ተጭኖበት፣ መሬቱን እያንቀጠቀጠ መጣና አለፈ። አጎቴ ዕቃውን ጠብቅ ብሎኝ ነበር፤ ዕቃውን ረስቼ ባቡሩ ተራራው ሥር ገብቶ እስኪጠፋ ቆሜ ቀረሁ። ጥፊ ቀመስኩ፤ ግን ምንም አልመሰለኝ።

ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ አንዷን ሠራሁ። አካሏ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። ሞተሯ ከሞተ ቴፕ የወጣ ነው፤ ጎማዎቿም ከዚያው ቴፕ የወጡ፣ ጠርዛቸው ከፍ ያለ ማዞሪያዎች ናቸው። ጉልበቷ ባትሪ ድንጋይ፣ ሐዲዷ ደግሞ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ። የከሚሴ ፀሐይ አላህ ይስጣትና የተሰበረ ጃንጥላ ቸግሮኝ አያውቅም። ባቡሬ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተንገዳገደች ስትሄድ እናቴ አገጯን ይዛ ተመለከተቻትና «ልጄ፣ ይቺ እንኳን ሰው ዝንብም አትጭን» አለች። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቿን እየጠራች ታሳይ የነበረችው እሷው ናት።

ከዓመታት በኋላ ለከተማችን አዲስ የጂኦግራፊ መምህር ተመደበ። ሬዲዮ ሊያሠራ መጥቶ ባቡሬን ሲያይ ሬዲዮውን ረሳው። በማግስቱ አንድ ያረጀ የውጭ አገር መጽሔት ይዞልኝ መጣ፤ ውስጡ ፂማቸው የሸበተ ሰዎች ትንንሽ ባቡሮች ላይ አጎንብሰዋል። እኔ ያበድኩ የመሰለኝ ነገር በባሕር ማዶ ማኅበር ያለው፣ ሕግና ደንብ ያለው ሥራ ኖሯል! መምህሩ እንደተረጎመልኝ፣ እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ አንድ ጣውላ ይዞ በላዩ ላይ ሐዲድ፣ ተራራ፣ ወንዝ ይሠራል። ጣውላዎቹ ርዝመታቸው እኩል፣ የሐዲዳቸው ጫፍ አንድ ነው። ሲገናኙ ይቀጣጥሉትና አንድ ረጅም መስመር ይሆናል።

ይህን የሰማው የጎረቤቴ አናጢ «ይሄማ ጂጌ ነው!» አለ። እውነቱን ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ በጋራ እንደሚያጭደው ማለት ነው። እንዲህ ሆነን ሦስት ሰዎች ጀመርን። ጁምዓ ተሰግዶ ሲያበቃ በአናጢው ግቢ እንገናኛለን። አናጢው የጨፋን ሜዳ ከነረግረጉና ከነከብቱ ሠራ። መምህሩ ኮረብታና ዋሻ ሠራ። መሃል ላይ የሚገባው የከሚሴ ጣቢያ የኔ ነበር። በሐዲዶቹ መሃል ያለው ስፋትም የኔ ነበር፤ በባቡሬ ጎማ ልክ ነዋ የተለካው። እኛ «ስፋቱ» ስንል የኔን ባቡር ስፋት ማለታችን ነበር፤ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ከመጽሔቱ ያልመጣ አንድ ሕግም ነበረን። ይህን ያወጣው አናጢው ነው። ሰው አዲስ ሥራውን ሲገልጥ፣ እጅ ከመዘርጋት በፊት፣ እዚህ ጋ ጠሟል እዚህ ጋ ጎብጧል ከማለት በፊት፣ ሁላችንም ጮክ ብለን «ማሻአላህ» እንላለን። ሰው ያማረ ነገር አይቶ አላህን ካላስታወሰ ዐይኑ ያንን ነገር ይጎዳዋል። ይህን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። መምህሩ እንኳን ስለ ዐይን ቢጠየቅ ፈገግ ብሎ ያልፋል እንጂ ማሻአላህ ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

ከዚያ የእውነተኛው ባቡር ወሬ መጣ። መስመሩ በጨፋ በኩል ሊያልፍ ነው ተባለ፤ ቀያሾች ከነመሣሪያቸው መጡ፣ ችካል ተተከለ። ባቡር እንዴት ያለ ነገር ነው የሚል ሰው ሁሉ ጁምዓ ጁምዓ ወደ አናጢው ግቢ ይጎርፍ ጀመር። ሽማግሌዎች ወንበር ይወጣላቸዋል። እኔ መሃል ቆሜ አስረዳለሁ፤ አዋሽ ያየሁትን፣ ያላየሁትንም ጨምሬ። ያ ወራት የኔ ወራት ነበር። ባጃጅ ነጂው እንኳን ሲያሳፍረኝ «ባለ ባቡሩ፣ ፊት ግባ» ይለኛል።

የሚስቴ እህት ባል ከጅዳ የተመለሰው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ከሻንጣዎቹ ጋር አንድ ሰፊ ካርቶን ነበረው። አሠሪዎቹ ልጆቻቸው ሲያድጉ «ውሰደው» ብለው የሰጡት ነው። እሱ ስለ እኛ ጂጌ ከሚስቱ ሰምቷልና ያንን ካርቶን ታቅፎ ጁምዓ ዕለት ግቢው ገባ፤ «አሰላሙ ዓለይኩም! እኔንም ካስገባችሁኝ ብዬ ነው» እያለ።

ካርቶኑ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ባቡር በመጽሔቱ ላይ እንኳን አላየሁም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያሽከረክሩት ዘንጎች ከጎማዎቹ ጋር የሚወጡ የሚወርዱ፣ ፊቱ ላይ መብራት ያለው። ሰረገላዎቹ መስኮት አላቸው፤ በመስኮቱ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ሴትዮ ጋዜጣ ይዛለች! የራሱን ሐዲድ ክብ አድርጎ ገጠመው፣ ሶኬቱን ሰካ፣ ባቡሩ ድምፅ ሳያሰማ እንደ ዘይት ፈሰሰ።

«ማሻአላህ!» አለ አናጢው። «ማሻአላህ፣ ተባረከላህ!» አለ መምህሩ። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ወላሂ ልለው ሞክሬያለሁ። ግን ሆዴ ይዞ አልለቅ አለኝ። ሳል መጣብኝና ሳልኩ።

«ምነው፣ አብሽር፣ ውሃ አምጡለት!» አለ ባለ ካርቶኑ።

ውሃውን ጠጣሁት። ቃሉ ግን አብሮ ወረደ።

በሳምንቱ መምህሩ ጉዳይ አነሳ። አዲሱ ባቡር በኛ ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ የሱ ጠባብ ነው፣ የኛ ሰፊ። እንግዲህ ወይ እሱ ብቻውን ክቡ ላይ ይዙር፣ ወይ እኛ ሐዲዳችንን ነቅለን በሱ ልክ እንሥራ። ምክር ሆነ። እኔ የሱን ጎማ ማስፋት ይቻላል ብዬ ተከራከርኩ፤ እንደማይቻል እያወቅሁ። አናጢው በዝግታ «ወንድምዓለም፣ ፈረሱን ለኮርቻው ብለን አናርደውም» አለኝ። ተወሰነ። በኋላ የበቀለ ቀንድ ቀድሞ የበቀለን ጆሮ በለጠው። «ስፋቱ» ሲባል የሱ ስፋት ሆነ። የኔ የሰርዲን ባቡር በራሴ ጣውላ፣ በራሴ ጣቢያ መሄድ የማትችል ሆነች።

እሱ ታዲያ ምን አደረገ? ከሰረገላዎቹ አንዱን፣ ያቺ ጋዜጣ የያዘችው ሴትዮ ያለችበትን፣ በሁለት እጁ ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። «ጀባ» አለኝ። ወሎ ውስጥ ጀባ የተባለ ነገር አይመለስም። እኔ መለስኩት። አቧራ ይነካዋል፣ ሱቄ ጠባብ ናት፣ ምናምን አልኩ። እሱ «አንተ እኮ ነህ የጀመርከው፣ እኔ ተከታይህ ነኝ» ብሎ ወጣ። ይህን ባይል ይሻለኝ ነበር። ሰው ማሸነፉ ሳያንስ ሲያሽሞነሙንህ!

አንድ ደስታ ብቻ ነበረኝ፤ መብራት ሲጠፋ። የሱ ባቡር በሶኬት ነዋ። ገበያተኛው ተሰብስቦ፣ ባቡሩ ዋሻው ውስጥ እንደገባ መብራት ድርግም ሲል፣ እኔ የሰርዲን ባቡሬን ከኪሴ አውጥቼ በባትሪ ድንጋይ መሬት ላይ እነዳለሁ። መብራቱ ግን ምን ያደርጋል፣ ይመለሳል።

የጣቢያዬን ጣውላ በአዲሱ ስፋት ከሁሉም ቀድሜ ለመጨረስ ቸኮልኩ። የደረቀ ጣውላ እስኪገኝ ጠብቅ ተብዬ ነበር፤ አልጠበቅኩም። ገና ውሃው ያልመጠጠ የባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ ሐዲዱን ጥርቅም አድርጌ ቸነከርኩት። ጣቢያው አማረ። ሰዓት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ በር ላይ የቆመ ጠባቂ አለው። ያን ጊዜ ማሻአላህ ስባል ከሁሉ ከፍ ብሎ የተሰማው የሱ ድምፅ ነበር።

መስመሩ ተቀጣጥሎ ባቡሩ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድበት ጁምዓ ደረሰ። በጋ ነው፣ ፀሐዩ ግቢውን ያነደዋል። ባቡሩ ከመምህሩ ዋሻ ወጣ፣ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፣ ወደ ከሚሴ ጣቢያ ገባ። ገባና ተንገዳገደ፣ አጋደለ፣ ከነሰረገላው ተዘረረ። ያቺ ጋዜጣ ያዥ ሴትዮ በመስኮት በኩል ሰማይ ሰማይ ታያለች።

እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጣውላው በሙቀቱ ደርቆ ተኮማትሯል፤ ሐዲዱ ግን ሽቦ ነው፣ አልተኮማተረም፤ መሄጃ ሲያጣ እንደ እባብ ተጣመመ። አጎንብሶ ላየው ሰው የሚታይ ነገር ነበር። አናጢው ግን አላጎነበሰም። ቀና ብሎ እኔን አየኝና «ያን ዕለት ማሻአላህ አላልክም» አለኝ።

«ኧረ ያ ረቢ!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

እንግዲህ ሁለት ውርደት ቀርቦልኛል፣ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ወይ «ዐይኔ አይደለም፣ ሐዲዴ ነው የጠመመው» ማለት፣ ወይ ዝም ማለት። ዝም አልኩ። ዐይን አላህ የፈጠረው ነው፣ ሰው አይጠየቅበትም። የጠመመ ሐዲድ ግን የእጅ ሥራ ነው። ባለ ባቡሩ ሐዲድ መዘርጋት አያውቅም ከሚባል፣ ዐይኑ ድንጋይ ይሰነጥቃል መባልን መረጥኩ። ዛሬም ቢሆን ይህንኑ እመርጣለሁ።

ባለ ካርቶኑ ባቡሩን ሲያነሳ ጣቱን በሐዲዱ ላይ አሳለፈ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀና ለሕዝቡ «ግድ የለም፣ ምቀኛ አታሳጣኝ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት የሚስቴ እህት ቢጫ ጆግ ይዛ ቤቴ መጣች። ዐይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«አከም ቡልተን፣ ጋሼ» አለች፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ በሰላም» አልኳት። ጆጉን እያየሁ ነው።

«አይቀየሙኝ ጋሼ… በዲናችን ያለ ነገር ነው። ሰው ሳያስበው ዐይኑ ይይዛል። ትንሽ የዉዱእዎን ውሃ ቢሰጡኝ ብዬ…»

በዐይኑ የያዘ ሰው ዉዱእ አድርጎ የታጠበበት ውሃ በተያዘው ላይ ይፈስሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ለልጅ ሲደረግ አይቻለሁ፣ ለላም ሲደረግ አይቻለሁ። ለባቡር ሲጠየቅ ያኔ ሰማሁ። ሚስቴ ጓዳ ሆና ሳቋን በሻሿ አፍና ትንቀጠቀጣለች። እኔ እምቢ ብል ምቀኛነቴን ማጽናት ነው። ተቀመጥኩ፣ እጄን፣ ፊቴን፣ ክንዴን፣ እግሬን ታጠብኩ፤ ውሃው በሳፋ ተጠራቀመ፤ እሷም በጆጉ ሞልታ «ጀዛከላህ» ብላ ሄደች።

ይህ ሲሆን ጣውላዬን ቤት አስገብቼ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ሐዲዱን ነቅዬ፣ በደረቀ ጣውላ ላይ፣ በየመጋጠሚያው ክፍተት ትቼ እንደገና ዘረጋሁት። ምን ያህል እንዳማረ እኔ ነኝ የማውቀው። ጁምዓ ዕለት ባቡሩ መጣ፤ ሚስቱ የኔን የዉዱእ ውሃ በጣቷ ረጭ ረጭ አድርጋበታለች። ከዋሻው ወጣ፣ ጣቢያዬ ገባ፣ እንደ ዘይት ፈሶ ወጣ።

«አልሀምዱሊላህ!» አለ ግቢው በሙሉ። «ውሃው ሠራ!»

ሐዲዱን ያየ የለም። ውሃው ነው የተመሰገነው። እንግዲህ ዐይኔ በምስክር ጸና። ከዚያ ወዲህ እናቶች በሱቄ ደጅ ሲያልፉ የልጃቸውን ፊት ይሸፍናሉ። አዲስ ባጃጅ የገዛ ጎረምሳ ካየኝ ገና ከሩቅ ለራሱ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ እያለ ነው የሚያልፈኝ። «ባለ ባቡሩ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ወደ እሱ ቤት ይመራ ጀመር። አንድ ቀን በሱቄ ፊት ቆሞ እኔኑ የጠየቀኝ አለ። በጣቴ አሳየሁት፤ «በዚያ በኩል» ብዬ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

በመስመራችን ላይ አንድ ክፍት ቦታ ቀርቶ ነበር፤ የቦርከና ድልድይ። ማንም አልደፈረውም። እኔ ለማንም ሳልናገር ጀመርኩት። ከአሮጌ ብስክሌቶች ጎማ ውስጥ የወጣ ሽቦ ሰበሰብኩ። አንዱን ከአንዱ በብየዳ ሳያይዝ፣ ሲጠም ሳፈርሰው፣ መልሼ ስይዘው ዝናብ መጥቶ ሄደ። እያንዳንዷ ሽቦ ሌላዋን ትይዛለች፤ አንዷን ብታወጣ ሁሉም ይወድቃል። ከሥሩ ወንዙን አስተኛሁት፣ ዳርና ዳሩን ቄጠማ አለበስኩት። ስጨርሰው ራቅ ብዬ አየሁት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ደግሜም አልሠራም።

የሚስቴ እህት ባል አንድ ከሰዓት በኋላ ቴፕ ሊያሠራ ሱቄ መጣ። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠ «አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «ያኔ ሐዲዱ ነው እንጂ ዐይንህ እንዳልነበረ አይቻለሁ። ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ። ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው።»

ደግነቱ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ! በጨርቅ የተሸፈነውን ድልድይ ገለጥኩለት። ለማሳየት አልነበረም፤ ነገር ለማስቀየር ነው።

ፈገግታው ቆመ። ቀረብ አለ፣ አጎነበሰ። በሽቦዎቹ መሃል ተመለከተ፣ ዞሮ በወዲያኛው በኩል ተመለከተ። እጁን ዘርግቶ ሳይነካው መለሰው። እኔ እጠብቃለሁ። ይህ ሰው አይደል በጣቢያዬ ላይ ከሁሉ ጮክ ብሎ ማሻአላህ ያለው? ይህ ሰው አይደል ለሰው ሁሉ፣ ለዝናቡም፣ ለበጉም፣ ለጎረቤት በርም ማሻአላህ የሚለው?

«ራስህ ነህ የሠራኸው?» አለኝ።

«ራሴ ነኝ።»

«ሽቦው የምንድን ነው?»

«የብስክሌት።»

ከንፈሩ ተላቀቀ። ቃሉ እንደመጣ አየሁት። ወዲያው እጁን አፉ ላይ አደረገና ሳለ። ደረቅ ሳል ነው፣ ረጅም። «ጉንፋን… ጉንፋን ይዞኛል» አለ። ቴፑን ሳይጠይቀኝ ወጣ። አስፋልቱን ሲሻገር ሰላም ላለው ሰው እንኳን አልመለሰለትም።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። የኔ ሳል ነው።

ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት በረርኩ። ሚስቴ እሳት ላይ ነበረች። «ተነሺ» አልኳት፤ «እህትሽ ቤት ሂጂ። የባልሽን የዉዱእ ውሃ ስጪን በያት።»

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?»

«ድልድዬን በዐይኑ አየብኝ። ማሻአላህ አላለም!»

«ድልድዩ ተሰበረ?»

«አልተሰበረም። ደኅና ነው።»

«ታዲያ ምን ሁን ብለህ ነው?»

«እሷም ቤት ውሃ ስትጠይቂ ጎረቤት ይስማ» አልኳት።

ሳቋ መጣ፤ ሻሿን አስተካክላ ከመደርደሪያው ላይ ጆግ ልታወርድ እጇን ዘረጋች።

«ጆግ አይበቃም» አልኳት። «ጄሪካኑን ያዢ።»